መካኒኩ ከኋላ ይቀመጥ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ዕድሜ ልኩን የፊርማ ሰዓት እንዳያልፈው ሲሮጥ ለኖረ ሰው፣ ሩጫው ባበቃበት ቀን ሰዓት መሸለም የማን ሐሳብ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ ተቀብዬ አመሰገንኩ። "ጋሽ ይርጋ፣ ትንሽ ንግግር!" ሲሉኝ ብድግ አልኩና፣ "ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን ከመጋዘኑ ጀርባ የወደቀችውን አራት ቁጥርን ነው" አልኳቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

አራት ቁጥር ሞተር ሳይክል ናት። ጃፓን ሠራሽ፣ ቀይ፣ ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታቃጥል የድሮ ባለ ሁለት ምት። ስሟ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው የመሥሪያ ቤት ቁጥሯ ነው። ያን ጊዜ ግን ቁጥሩም ቀለሙም ለቆ፣ መቀመጫዋን አይጥ በልቶት፣ በቸርኬዎቿ መሀል ሣር በቅሎ ነበር። የተወገደ ንብረት በጨረታ ሲሸጥ ከእኔ ጋር የተወዳደረው አንድ የብረት ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱም በኪሎ ሊሸጣት። የወረቀቱን ጣጣ ልተወውና፣ በጋሪ አስጭኜ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ድረስ አመጣኋት።

ባለቤቴ የሺ በር ላይ ቆማ ጋሪውንም እኔንም አየችን።

"ጡረታ ወጣ፣ እጁ ከግራሶ ጸዳ ብዬ ስለቴን ላስገባ ስል፣ ጭራሽ ጋራዡን ቤቴ ድረስ አመጣኸው?"

"ለአንለይ ነው" አልኳት።

ይኼን ስትሰማ በሩን በሰፊው ከፈተችልኝ። የአንለይን ነገር ታውቃለች። አንለይ የሉማሜ ሰው፣ የእንስሳት ክትባት ባለሙያ የነበረ፣ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። ከዚህችው ሞተር ላይ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ካለ ወዲህ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። የወደቀው ደግሞ እኔ ባስተካከልኩት ሞተር ነው። ይኼን እሱም ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቱም ያውቃል፣ እኔም ደብቄው አላውቅም። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ምኞት ነበር፤ አንለይ ራሱ እየነዳት አባይ በረሃ ወርዶ ሲወጣ ማየት።

ጉራ አልወድም የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሞተራችሁን አትስጡት። እኔ ጉራ እወዳለሁ፤ በሥራዬም እኮራለሁ። ስለዚህ አካሄዴን ታገሱኝና ከሥሩ ልጀምር።

ሥራ የጀመርኩት ሉማሜ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ከሻይ ቤቶቹ ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። የአውቶብስ ጥሩንባ ሲሰማ ሻይ ቤቱ ሁሉ ይንጫጫል፤ እኛ ደግሞ ጭንቅላታችንን ሞተር ውስጥ ቀብረን እንውላለን። አለቃዬ ጋሽ በላቸው ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። የዲማ ሰው ናቸው። ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት ገብተው፣ ከዚያ ሾልከው የጭነት መኪና ረዳት፣ ቀጥሎም መካኒክ የሆኑ ናቸው። "ሞተር ማስተካከል" የሚለውን አነጋገር አይወዱም፤ "መቃኘት" ነው የሚሉት። "ያልተቃኘ በገና ሰው ያስቀይማል፤ ያልተቃኘ ሞተር ሰው ይገድላል" ብለው ሲናገሩ ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው ጆንያቸው ነው። የሚፈቱትን ዕቃ ሁሉ በአወጣጡ ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ንጹሕ ጆንያ ላይ ይደረድሩታል፤ ያን ጆንያ የተራመደ ሰው ወዮለት። ሁለተኛው ጥያቄያቸው ነው። ሞተር ይዞ የመጣውን ሰው "ምኗን ነው የሚያማት?" ብለው አይጠይቁም። "ወዴት ነው የምትሄደው?" ይሉታል። ምን እንደሚጭን፣ ስንት ዳገት እንዳለው፣ ወንዝ ይሻገር እንደሆነ፣ ማታ የት እንደሚያቆማት፣ ሁሉን ሳይሰሙ ቁልፍ አያነሡም። ሦስተኛው ለእኔ ለወጣቱ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ነበር፤ ጠግነው ሲጨርሱ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከባለ ሞተሩ ኋላ እንደ ሙሽራ ሚዜ ተቀምጠው ይወጣሉ። ሰውየው ወደሚሄድበት መንገድ አብረውት ይሄዳሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ በእግራቸው ይመለሳሉ። "ሠሪው ከኋላ ካልተቀመጠ ሥራው አላለቀም" ይሉኛል።

አንለይን የተዋወቅሁት በዶሮ ምክንያት ነው። የሞተር ካርቡሬተር ውስጥ ጄት የምንላት ሽምብራ የምታክል የነሐስ ፍሬ አለች። መሀሏ ላይ ፀጉር የምታሳልፍ ቀዳዳ አለቻት፤ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን በዚያች ተመጥኖ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ጋሽ በላቸው የአራት ቁጥርን ካርቡሬተር ፈተው ጆንያው ላይ ደርድረዋል። አንዲት ዶሮ ከየት መጣች ሳትባል ጄቷን ለቀም አድርጋ ዋጠቻት። መለዋወጫ የለም። ዶሮዋ ደግሞ የኃላፊያችን የአቶ ሰይድ ናት፤ ከወሎ ተቀይረው የመጡ ደግ ሰው ነበሩ። ጋሽ በላቸው ጊዜ አላጠፉም፤ ዶሮዋን ይዘው፣ አማትበው፣ አረዷት። ጄቷ ከሆዷ ውስጥ እንደ ወርቅ እያበራች ወጣች።

ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው የመጣው። አቶ ሰይድ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። እኛ ደግሞ ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ዶሮዋ ታርዳ የሚበላት ጠፋ።

"እናንተ ሰዎች፣ አንድ ቀን እንኳ ብትታገሱ ምን ነበረበት?" አሉ አቶ ሰይድ ራሳቸውን ይዘው።

ያን ጊዜ አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ ከጎናችን ካለው የክትባት ክፍል ብቅ አለ። "እኔ ጋ ማቀዝቀዣ አለ። ሐሙስ ድረስ ከከብቶቹ ክትባት ጋር ትደር" አለ። አንለይ ነበር። ሐሙስ ዶሮዋን በላናት፤ ለአቶ ሰይድም ሌላ ዶሮ ገዝተን ከይቅርታ ጋር አስረከብን። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና አንለይ አንለያይም ነበር።

አራት ቁጥር የእሱ ሞተር ናት። ገበሬው "ዶክተር" እያለ ይጠራዋል፤ የበረዶ ሳጥኑን ከኋላ አስሮ በየቀበሌው ይዞራል። ችግሯ ደጋ ላይ መታፈኗ ነበር። ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ትጨሳለች፣ ትንተባተባለች፣ ዳገት ላይ እንደ ደከመች በቅሎ ትቆማለች። ጋሽ በላቸው ግን እንዲያው ተዋት ይሉኝ ነበር። አንድ ሰሞን ለንግሥ ብለው ወደ አገራቸው ወደ ዲማ ሲሄዱ፣ እኔ ከአንድ ውዳቂ ሞተር ቀዳዳዋ የጠበበች ጄት አገኘሁ። ገጠምኳት። ካንዴላውን አውጥቼ አየሁት፤ እንደ ገብስ ቆሎ ያማረ ቡናማ። የመቃኘት ምስክሩ ይኸው ነው። አስፋልቱ ላይ ብቻዬን ወጥቼ ሞከርኳት፤ በረረች።

አንለይም ነዳትና አውቶብስ ቀድሞ ተመለሰ። ሻይ ቤቱ ሁሉ አየ። "ይርጋ ጋሽ በላቸውን በለጠ!" ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ከመሬት ከፍ ብዬ ነበር የምሄደው።

በሳምንቱ አንለይ ክትባት ይዞ ከደጀን በታች ወዳለ የቆላ ቀበሌ ወረደ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም። ከኋላውም አልተቀመጥኩም። ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ያች ጠባብ ጄት የምትሰጠው ቤንዚን አይበቃም፤ ሞተሩ ይግላል። በዚያ ላይ የድሮ ሞተር ዘይቷን የምታገኘው ነዳጅ ሲሰጣት ብቻ ነው፤ በረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ዘግቶ ሲንሸራተቱባት ውስጧ ይደርቃል። አንድ መታጠፊያ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነከሰና ተቆለፈ። የኋላ ጎማው ቆመ። አንለይን ከነበረዶ ሳጥኑ ድንጋይ ላይ ጣለችው። የሚጠብቁት ገበሬዎች ናቸው ሰምተው ወጥተው፣ በቃሬዛ ተሸክመው ደጀን ያደረሱት። ክትባቱ እዚያው ፀሐይ ላይ ቀረ።

ጋሽ በላቸው ሲመለሱ ሞተሩን ራሳቸው ፈቱት። የተፋቀውን ፒስተን አውጥተው ጆንያው ላይ አስቀመጡና ረዥም ጊዜ አዩት።

"ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀኸው ነበር?"

"አልጠየቅሁም።"

"ከኋላው ተቀምጠህ ነበር?"

"የለም።"

እንዲቆጡኝ ፈለግሁ። አልተቆጡም። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ፒስተኑን በሽቦ አሰሩና ሰጡኝ። "ሥራ ጠረጴዛህ ላይ ስቀለው። ለሐዘን አይደለም፤ ለማስተዋል ነው" አሉኝ። በተመደብኩበት ሁሉ ይዤው ዞሬያለሁ፤ አሁንም ጓሮዬ ተሰቅሏል።

አንለይስ? ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቀረ። የመስክ ሥራ አበቃለት፤ ክሊኒክ ውስጥ የገበሬው ከብት እሱ ጋ እየመጣ ይታከም ጀመር። አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ይቅርታ ስለው "ምንም አይደል" ይላል፤ ያ "ምንም አይደል" ከስድብ ይብስብኝ ነበር። ሲበሽቅ ብቻ አንድ ተረት ጣል ያደርግልኛል፤ "አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል።"

ከሉማሜ ወደ ደምበጫ ተቀየርኩ። ደምበጫ የፈረስ አገር ነው፤ በገበያ ቀን ሞተር ይዞ መግባት ከፈረሰኛ ጋር መጣላት ነው። ኃላፊዬ ሞተር ማጠብ እንጂ መጠገን ብዙ የማይገዳቸው፣ ጎማው ካበራ ሥራው የተሠራ የሚመስላቸው ሰው ነበሩ። እዚያ አንድ የልማት ሠራተኛ ሞተሯ ጉልበት አጣብኝ ብላ ከአንድም ሁለት መካኒክ ጋ ዞራ መጣች። ካርቡሬተሩ ተፈቶ ታጥቧል፣ ካንዴላው ተቀይሯል፤ ለውጥ የለም። እኔ ወንበር አቀረብኩላትና "እኅቴ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው? ማታስ የት ነው የምታቆሚያት?" አልኳት። በመገረም አየችኝ። ወቅቱ የአውድማ ጊዜ ነው፤ አውድማ ለአውድማ ነው የምትዞር፤ ማታ የምታቆማት ደግሞ የጤፍ ገለባ ከተከመረበት ሥር። የአየር ማጣሪያውን ስከፍተው እብቅ እንደ ትራስ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቶታል። አራገፍኩት፣ ከኋላዋ ተቀመጥኩ፣ እስከ ቀበሌዋ ዳገት ድረስ ሸኘኋት። በእግሬ ስመለስ ጋሽ በላቸው አብረውኝ የሚሄዱ መሰለኝ።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ትልቁ ጋራዥ። የኖርኩትም ጡረታ የወጣሁትም እዚያ ነው። ደመወዝ መቼም የመንግሥት ነው፤ ቀሪው ዘመን ግን ለእኔ ጥሩ ዘመን ነበር። "ከኋላ የሚቀመጠው መካኒክ" ተብዬ ታወቅሁ። ባለሙያዎቹ ሲስቁብኝ ቆይተው፣ በኋላ እኔ ካልተቀመጥኩ ሞተራቸውን አንረከብም ይሉ ጀመር። ሞተሮቹም ተለወጡ፤ ጭስ የሌላቸው፣ ቤንዚኑን በኮምፒዩተር የሚመጥኑ መጡ። ደጋ ቆላውን ራሳቸው ያውቁታል። እኔን ግን ራሱን የሚያውቅ ሞተር ብዙ አያጫውተኝም።

እንግዲህ ወደ አራት ቁጥር ልመለስ።

ክረምቱን በሙሉ ጓሮዬ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበርኩ። ጆንያ ዘረጋሁ፤ የሺ ልብስ ልታሰጣ ስታልፍ "አትራመጂው!" እያልኩ ጮኽኩባት፤ "ታቦት ነው እንዴ?" እያለች ዞራ አለፈች። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አወረድኩ። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አሰፍቼ ተለቅ ያለ ፒስተንና ፋሻ የምንለውን የፒስተን ቀለበት ገጠምኩለት። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የዘመናት ጥላሸት ጠንክሮ ነበር፤ እሳት አንድጄ አቃጥዬ አራገፍኩት። ይኼ ሁሉ ማንኛውም ጨዋ መካኒክ የሚሠራው ነው።

የእኔ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። የኋላ ፍሬኗ የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው፤ የአንለይ ቀኝ እግር ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ መርገጫውን ነቅዬ ጣልኩት። ከአሮጌ ብስክሌት የፍሬን መያዣ አምጥቼ፣ በግራ እጁ ከፍሪሲዮኑ መያዣ ሥር ገጠምኩና በሽቦ ገመድ እስከ ኋላ ጎማ አወረድኩት። ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት፣ ፍሬኑን በአውራ ጣት። የእግር ማሳረፊያውን ወደ ፊት ገፍቼ ቀጥ ያለ እግር እንዲያርፍበት አድርጌ በየድኩት። ማስነሻውስ? ከሞተሯ በስተቀኝ ቆሞ በግራ እግር መርገጥ ይቻላል፤ የማይታጠፍ እግር ለመቆም የሚያህለው የለም።

የቀረው ጄቷ ነው። ለደጋ ብቃኛት ቆላ ትገድላለች፤ ለቆላ ብቃኛት ደጋ ላይ ትታፈናለች። ጋሽ በላቸው ያኔ "ተዋት" ያሉኝ ለዚህ ኖሯል፤ ታፍና መጨሷ ቆላ ለሚወርደው ሰው ደኅንነቱ ነበር። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ለቆላ የሚበቃ ሰፊ ጄት ገጠምኩላት፤ ከዚያ ከካርቡሬተሩ ጀርባ ተጨማሪ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ በስቼ፣ በመሪው ላይ ባለች እጀታ የምትከፈትና የምትዘጋ አደረግኋት። እጀታዋ ስትዘጋ ቆላ፣ ስትከፈት ደጋ። ሁለቱንም ቃል በነጭ ቀለም ጻፍኩበት። መክፈቱን ቢረሳው የሚመጣበት ጭስ ብቻ ነው። ደጋ አድርጌ እስከ ከተማው ዳርቻ ነዳኋት፣ ካንዴላውን አወጣሁ፤ የገብስ ቆሎ! ዘፈንኩ። የሺ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "አበደ" አለች።

አዲስ ቀይ ቀለም ቀብቼ፣ ቁጥሯን መልሼ ጽፌ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ሉማሜ ነድቼ ሄድኩ። አንለይ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። አያት። ቁጥሯን አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሞተር ቢኖርህ ወዴት ነው የምትሄደው?" አልኩት።

"የትም።"

"የትም የሚባል መንገድ የለም።"

"ይርጋ፣ ሽማግሌ ሆነናል። ተወኝ።"

"እጅህን እዚህ አድርግ። ፍሬኑ እጅህ ላይ ነው።"

ተነሥቶ እያነከሰ ዞራት። የፍሬኑን መያዣ ጨበጠ፣ ለቀቀ፤ የእግር ማሳረፊያውን አየ። ጉልበቱን በዓይኔ ለክቼ እንደሠራሁት ገባው። ደጋና ቆላ የሚለውን ጽሑፍ ሲያነብ ግን ፈገግ አለ።

"አባይን አይታለች?"

"አላየችም።"

"እንግዲያው አሁንም ምንጭ ነው የምታመሰግነው።"

"ታዲያ አንተ አሳያታ! እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ጋሽ በላቸውን ያውቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ከኋላው ሳልቀመጥ እንደላክሁትም ያውቃል።

"አንተ? ከኋላ? አባይ ቁልቁለት ላይ?"

"እኔ። ብትወድቅ አብረን ነው የምንወድቀው።"

ተመልሶ ሻዩን ጨልጦ "ሂሳቡን ክፈል፤ ከእኔ ጋር የሚሞት ሰው ሻይ ይጋብዛል" አለ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ ተለማመደ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሉማሜ ከረምኩ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ሜትር ሳይሄድ ፍሬን ይይዝ ነበር። በኋለኞቹ ቀናት ግን አላቆም አለኝ፤ ሻይ ቤቱ ፊት እያለፈ ጥሩንባ መንፋት ጀመረ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ተነሣን። ስምምነታችን አጭር ነበር፤ ደጀን አፋፉ ድረስ፣ ከዚያ የወደቀበት መታጠፊያ ድረስ ወርደን መመለስ። ከዚያ ወዲያ እንዲያልፍ እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አላለ።

አፋፉ ላይ ቆመ። ገደሉ ከሥራችን ተከፍቷል፤ የበረሃው ትኩስ አየር ፊታችንን መታን። ሳልነግረው ግራ እጁን አንሥቶ እጀታዋን ከደጋ ወደ ቆላ አዞረ።

"በየመታጠፊያው ትንሽ ነዳጅ ስጣት፤ ዘይቷን ታገኛለች" አልኩት።

"ያኔም ብትነግረኝ ኖሮ" አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት የሰማሁት የመጀመሪያ ወቀሳ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያ "ምንም አይደል" ከመሀላችን ወደቀ።

ወረድን። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። በየመታጠፊያው ነዳጅ ይሰጣታል፣ ትመልስለታለች። ፍሬኑ በአውራ ጣቱ ሥር ለስላሳ ነው። ሲሊንደሩ እግሬ ሥር ይሞቃል እንጂ አይግልም። ዓይኔን ስገልጥ ያ መታጠፊያ ደርሷል፤ ድንጋዩ እንኳ አለ። አንለይ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ድንጋዩን አየው፣ ነዳጅ ሰጣትና አለፈው።

"አንለይ! ወዴት ነው የምትሄደው?" ብዬ ጮኽኩ።

"የዚያን ቀን ወደጀመርኩት ነዋ!"

ወደዚያው የቆላ ቀበሌ ገባን። የማሽላ ማሳ ዳር ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንድ ሽበት የወረሳቸው አባት ከመሀል ተነሥተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው የሚያነክሰውን ሰው አዩት። ያኔ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

"ዶክተር? አንተ ነህ? ኧረ የት ቆየህ! ክትባቱን አመጣህ?"

አንለይ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ እንደገና ሳቀ። ጥሬ ቆሉልን፣ ውሃ አጠጡን፣ ምርቃቱም ዘነበብን። "ከብቶቹስ ያኔ እንዴት ሆኑ?" ብሎ ሲጠይቃቸው "ሌላ ሰው መጥቶ ከተበልን፤ አንተን ግን ስንጠብቅ ነበር" አሉት።

ዋናው ፈተና መውጣቱ ነው። ሁለት ሽማግሌ በአንዲት አሮጊት ሞተር፣ በዚያ ፀሐይ። በሁለተኛ ማርሽ ተያያዘችው። ከጭነት መኪና ኋላ ሆነን አቧራውን ጠጣን፤ አለፍነው። አፋፉ ሲቃረብ አየሩ ሳሳና ድምጿ ተለወጠ፤ መንተባተብ ጀመረች፣ ከኋላችንም ጭስ ወጣ። እኔ ሆን ብዬ አልነገርኩትም። አንለይ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። እጁን ዘረጋና እጀታዋን ከፈተ። ደጋ። ድምጿ በአንድ ጊዜ ጠራ፤ እንደ ማለዳ ደወል። ደጀን ስንገባ እኔ ከኋላ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ "ጋሽ በላቸው!" እያልኩ እጮህ ነበር። ሰው ምን እንደሆንኩ አላወቀም።

ሉማሜ ደርሰን ወረድኩ። ቁልፏን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። አንለይ ቁልፏን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ኪሱ ከተተው።

"በሚኒባስ ሂድ" አለኝ።

ሄድኩ። ቤቴ ስደርስ የሺ በር ላይ ነበረች፤ ከኋላዬ ባዶውን መንገድ አይታ ደነገጠች።

"ሞተሯስ? ተበላሽታ ቀረች?"

"የለም" አልኳት፣ "ሠርታ ነው የቀረችው።"